ሁሉን የሚሠራ ሊቀመንበር

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማስተምር የኬሚካል መሐንዲስ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የፖሊመር፣ ማለትም የፕላስቲክና የመሰል ቁሶች፣ ሳይንቲስቶችንና መሐንዲሶችን የሚያሰባስብ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ጀምረን ሊቀመንበር ሆኜ ተመረጥሁ። ስድሳ ያህል ሰው ተመዝግቧል፤ ስብሰባ ስጠራ ግን የሚመጡት ዐሥር አይሞሉም፤ እነርሱም የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። የፋብሪካ ሰዎች ጭራሽ ቀርተዋል። ደብዳቤ የምጽፈው፣ አዳራሽ የማስፈቅደው፣ መዋጮ የምሰበስበው እኔ ነኝ። ለሥራ አስፈፃሚው አበል ብንከፍል ይነቃቃ ይሆን? በፌዴራል ደረጃ ተመዝግበን ትልቅ ዓመታዊ ጉባኤ ብናዘጋጅስ? ወይስ ለቅቄ ልውጣ?»

ምላሽ፦ ከጥያቄዎ ውስጥ የችግሩን ሥር የሚያሳየው አበሉም ምዝገባውም አይደለም። «ደብዳቤ የምጽፈው፣ አዳራሽ የማስፈቅደው፣ መዋጮ የምሰበስበው እኔ ነኝ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው። እርስዎ ይህን የጻፉት አባላቱ እንደማይተጉ ለማስረዳት ነው። እኔ ሳነበው የታየኝ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ሥራ የሌለበት ማኅበር ነው። አባል ሆኖ የተመዘገበ ሰው መጥቶ ከማዳመጥ በቀር የሚጠበቅበት ነገር ከሌለ፣ አንድ ቀን ቢቀር የሚጎድል ነገር ያለ አይመስለውም። እውነቱንም ነው፤ የሚጎድል ነገር የለም።

በጎ ፈቃደኛ የሚሰጠው ጊዜውን ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና መቼ እንደሚያበቃ ካላወቀ ግን አይሰጥም። «ማኅበራችንን በጋራ እናጠናክር» የሚል መልእክት በቴሌግራም ሲልኩ ስድሳው ሰው አንብቦ ያልፋል፤ ጥሪው ለማንም በስሙ አልደረሰምና። «ለኅዳሩ ስብሰባ ከፋብሪካ አንድ ተናጋሪ ያግኙልኝ፤ ስሙን እስከ ጥቅምት 20 ያሳውቁኝ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አልጨምርብዎትም» ብለው ለአንድ ሰው ደውለው ቢነግሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላል። ሥራው ትንሽ ይሁን፣ ባለቤቱ አንድ ሰው ይሁን፣ የሚያልቅበት ቀን ይታወቅ። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሰጥቶ መልሶ አለመውሰድ ነው። ደብዳቤው እርስዎ እንደሚጽፉት ላያምር ይችላል፤ ተናጋሪው ዘግይቶ ይገኝ ይሆናል። በዚያች ሰዓት «ይተውት፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ካሉ ያ ሰው ዳግመኛ ኃላፊነት አይቀበልም።

የጽዋ ማኅበር ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ መሪ በየወሩ ራሱ አይደግስም፤ ተረኛው ይደግሳል፤ ጽዋውም ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። የሚቀጥለው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ማንም ተነሥቶ አይሄድም። በእናንተም ዘንድ ስብሰባ ሳይበተን የሚቀጥለው አስተናጋጅ ስም በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

የፋብሪካ ሰዎች ለምን ቀሩ የሚለው ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ የማኅበራችሁ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። ሳይንቲስቱና መሐንዲሱ የሚፈልጉት አንድ አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ሰው ጥናቱን የሚያቀርብበት መድረክ፣ አብሮት የሚያሳትም ባልደረባ፣ ለማዕረግ ዕድገት የሚቆጠርለት ማስረጃ ይፈልጋል። የፋብሪካው ሰው ትናንት ማታ የወጣው ቧንቧ ለምን እንደተሰነጠቀ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል፤ ሥራውም በፈረቃ ነው። ስብሰባችሁ እንደ አብዛኛው የመምህራን ስብሰባ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ፖሊ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው የምህንድስና ግቢ ውስጥ የሚካሄድ፣ ርእሱም ከመመረቂያ ጽሑፍ የተወሰደ ከሆነ፣ ሰዓቱም ቦታውም ነገሩም ለሌላ ሰው የተዘጋጀ መሆኑን መሐንዲሱ ወዲያው ያውቃል። የቀረው ንቆ አይደለም፤ እንዳልተጋበዘ ስለቆጠረው ነው።

በዚህ ሙያ ታሪክ አንዱ ወገን የሌላው ተማሪ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ኬሚስቱ ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 ባክላይት የተባለውን ፕላስቲክ ሲሠራ ፖሊመር ማለት ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት መሆኑን ሳይንሱ ገና አልተቀበለም ነበር። ጀርመናዊው ኬሚስት ስታውዲንገር ይህን ሐሳብ ያሳተመው በ1920 ነው፤ ብዙ ተከራክሮ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ደግሞ በ1953። ኢንዱስትሪው ዕቃውን እያመረተ ሳይንሱ ዕቃው ምን እንደሆነ ይከራከር ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የፋብሪካ መሐንዲስን አዳማጭ አድርጎ ብቻ የሚጠራ የፖሊመር ማኅበር የራሱን ሙያ አላወቀውም።

ስብሰባውን በጥናት ሳይሆን በብልሽት ይጀምሩት። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት የተባለው ፕላስቲክ ከመቅለጡ በፊት በደንብ ካልደረቀ፣ በውስጡ የቀረው ርጥበት በማቅለጫው ሙቀት የሞለኪውሉን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ጠርሙሱም ይሰባበራል ወይም ቅርጹን አይይዝም። ርጥበቱ ከሚሊዮን 50 ክፍል በታች መውረድ አለበት፤ ለዚህም የፔት ጥሬ ዕቃ የሆነው እንክብል በ160 እና በ170 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል ደረቅ አየር ባለበት ማድረቂያ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል። በጣና ዳር የክረምት አየር ውስጥ የተከፈተ ከረጢት በአንድ ሌሊት ምን ያህል ርጥበት እንደሚስብ አብሮ መለካት ለኬሚስቱ ጥሩ ጥናት፣ ለመሐንዲሱ የዳነ ምርት ነው። ሌላም አለ። ከቤት ውጭ የሚዘረጋ ጥቁር የፖሊኤቲሊን ቧንቧ ከፀሐይ የሚጠበቀው ከ2 እስከ 2.5 በመቶ በሚሆን ካርበን ብላክ በተባለ ጥቁር የካርበን ዱቄት ነው፤ መጠኑ ቢሟላ እንኳ በደንብ ካልተሠራጨ ቧንቧው ይሰነጠቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከቆላው ይበረታል። የካርበን ብላኩን ሥርጭት በማይክሮስኮፕ ማየት ዩኒቨርሲቲ ለፋብሪካ በአንድ ጠዋት ሊያደርግ የሚችለው ነገር ነው። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ሰው ለመምጣት አይለመንም።

ቦታው ይዘዋወር፦ አንዱ ስብሰባ በቤተ ሙከራ፣ ቀጣዩ በፋብሪካ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሁለት ወር አንድ ጊዜ። ከዚህ የሚበልጥ አይያዙ። የፈተና ሳምንታትንና የጥምቀትን ሰሞን ይዝለሉ። መንገድ ወይም ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ ስለሚያጋጥም፣ ፕሮግራሙ ከሌላ ከተማ በሚመጣ እንግዳ ወይም በኢንተርኔት ስብሰባ ላይ ብቻ እንዳይመሠረት ያድርጉ፤ ከተማው ውስጥ ያለው ሰው ብቻውን ሊያካሂደው የሚችል ይሁን።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፋብሪካ ችግሩን ሲያቀርብ ፎቶ እንዳይነሣ፣ የድርጅቱ ስም በቃለ ጉባኤ እንዳይገባ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ አንድ ጊዜ የፋብሪካ ምሥጢር ከወጣ የፋብሪካው በር ይዘጋባችኋል። ሁለተኛ፣ በገበያ የሚፎካከሩ ድርጅቶች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለ መሸጫ ዋጋ ወይም ደንበኛን ስለ መከፋፈል እንዳይወያዩ። ይህ በንግድ ውድድር ሕግ የሚያስጠይቅ ነው፤ ስብሰባውን የጠራው ማኅበርም ከነገሩ ነጻ አይሆንም። ወሬው ወደዚያ ሲያዘነብል ሰብሳቢው ወዲያው ያስቁም፤ መቆሙም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

ወደ አበሉ ልምጣ። አትክፈሉ። ለሥራ ያወጣው የትራንስፖርት፣ የስልክና የኅትመት ወጪ በደረሰኝ ይመለስለት፤ ይህ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ግዴታ ነው፤ ደመወዙ ትንሽ የሆነ ወጣት መሐንዲስ ከኪሱ እያወጣ ማገልገል የለበትምና። ለመቀመጫ የሚከፈል ገንዘብ ግን ሥራውን ሳይሆን ወንበሩን ተፈላጊ ያደርገዋል። ምርጫው ለአበል ሲባል የሚደረግ ፉክክር ይሆናል፤ ገንዘቡ ያለቀ ዕለት ደግሞ ሥራውም አብሮ ያልቃል። ሕጉም ጠባብ ነው፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ድርጅቱ ከሚያገኘው ገቢም ለአባላት ትርፍ ማከፋፈልን አይፈቅድም። በስድሳ ሰው መዋጮ የሚተዳደር ማኅበር ለሥራ አስፈፃሚው አበል ከፍሎ እንዲህ ባለ ወሰን ውስጥ መቆየት ይቸግረዋል።

መዋጮው ራሱ ይቀጥል፤ ነገር ግን እርስዎ አይሰብስቡት። ለተማሪ ዝቅ ያለ፣ ለተቀጣሪ መካከለኛ፣ ለድርጅት ከፍ ያለ ተመን ይውጣለት። ድርጅት ብዙ ስለከፈለ ብዙ ድምፅ እንዳይኖረው በመተዳደሪያ ደንቡ በግልጽ ይጻፍ። ገንዘቡ በማንም ሰው የግል የባንክ ሒሳብ ወይም በግል የቴሌብር ቁጥር መግባት የለበትም፤ ገንዘብ ያዡ የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን። ጥርጣሬ አንድ ጊዜ ከገባ በማስረጃ አይወጣም፤ የሚጎዳውም አብዛኛውን ጊዜ ንጹሑ ሰው ነው።

ምዝገባን በተመለከተ ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች በጥያቄዎ ውስጥ አያለሁ። አንደኛው ምዝገባ አባላትን ያነቃቃል የሚለው ነው። ምዝገባ የሚሰጣችሁ ሕጋዊ ሰውነት ነው፦ በማኅበሩ ስም ሒሳብ መክፈት፣ ውል መዋዋል፣ መክሰስና መከሰስ። ሰው አይሰጣችሁም። በአንጻሩ ዓመታዊ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት፣ ኦዲት፣ በየጊዜው የሚጠራ ጠቅላላ ጉባኤ ያስከትላል፤ ዛሬ ባለው አሠራራችሁ ይህ ሁሉ በእርስዎ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው «ፌዴራል» ማለት ትልቅ፣ «ክልል» ማለት ትንሽ ነው የሚለው ነው። መለያው የሥራው ቦታ ነው። ከአንድ ክልል በላይ ወይም በአዲስ አበባ አለዚያም በድሬዳዋ የሚሠራ ድርጅት በፌዴራሉ አዋጅ ሥር ይገባል፤ ሥራው በአማራ ክልል ብቻ ከሆነ ጉዳዩ የክልሉ ነው። ማኅበር ለመመሥረት በፌዴራሉ አዋጅ አምስት ሰው ይበቃል። አምስት ሰው አያጣችሁም፤ የሚያስቸግረው ከምዝገባው በኋላ ያለው ሥራ ነው።

የእኔ ምርጫ ሦስተኛው መንገድ ነው፦ ቀድሞ ከተቋቋሙት አገር አቀፍ የኬሚስትሪ ወይም የኬሚካል ምህንድስና ማኅበራት በአንዱ ሥር የፖሊመር ክፍል ሆናችሁ ለመደራጀት ጠይቁ። ይህ ማነስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ ዲትሮይት የተቋቋመው የፕላስቲክ መሐንዲሶች ማኅበር እስከ ዛሬ የሚሠራው በየከተማው ባሉ ክፍሎችና በየሙያ ዘርፉ ባሉ ክፍሎች ተደራጅቶ ነው፤ በአሜሪካ የኬሚስትሪ ማኅበር ውስጥም የፖሊመር ኬሚስቶች የራሳቸው ክፍል አላቸው። ክፍል ስትሆኑ ሕጋዊ ሰውነቱ፣ ኦዲቱና ሒሳቡ የእናት ማኅበሩ ይሆናል፤ እናንተ ሙያው ላይ ታተኩራላችሁ። ጉዳትም አለው። ገንዘባችሁ በሌላ እጅ ስለሚያልፍ ይዘገያል፤ በራሳችሁ ስም መግለጫ ማውጣት አትችሉም፤ የእናት ማኅበሩ አመራር ሲቀየር ለእናንተ ያለው ትኩረትም ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ የክፍሉ መዋጮ ለክፍሉ ሥራ ብቻ እንደሚውልም ይስፈርበት። ሁለት ዓመት ያለ መቋረጥ ከሠራችሁ በኋላ ለብቻ መመዝገብን እንደገና ተነጋገሩበት።

ትልቁን ጉባኤ ለጊዜው ይተዉት። በሐይቁ ዳር ሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ፣ ባነር ሰቅሎ፣ አርማ የታተመበት ቦርሳ አድሎ ሁለት ቀን መሰብሰብ ያስደስታል፤ ነገር ግን የአንድ ትንሽ ማኅበርን የዓመት ጉልበት በሙሉ ይበላል፤ አዘጋጆቹም ደክመው ለወራት አይታዩም። በአጭር ስብሰባ ያልመጣ ሰው ለጉባኤ ቢመጣ እንኳ የሚመጣው ለአንድ ጊዜ ነው።

ስላልጠየቁኝ ነገር አንድ ልጨምር፤ መምጣቱ አይቀርምና። በዚህ ከተማ የፖሊመር ማኅበር መሪ የሆነ ሰው ስለ ፌስታል አስተያየት ይጠየቃል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ የጠበቀ ነው። ከአባሎቻችሁ መካከል ፌስታል የሚያመርት ድርጅት ተቀጣሪ ይኖራል፤ የሐይቁን ብክለት የሚያጠናም ይኖራል። ሁለቱም ታማኝ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያም ሆኖ የጥቅም ግንኙነቱን ያላስታወቀ ሰው መግለጫውን ማርቀቅ የለበትም። ከአሁኑ አንድ አንቀጽ ደንቡ ውስጥ አስገቡ፦ ጥቅም ያለው አባል ያሳውቃል፣ ያስረዳል፣ ድምፅ ሲሰጥ ግን ይወጣል። «የሚበሰብስ ፕላስቲክ አምጥቻለሁ፣ ማኅተማችሁን አድርጉልኝ» የሚል ነጋዴም ይመጣል። አታድርጉለት። ለምሳሌ ፒኤልኤ የሚባለው ከዕፅዋት ስኳር የሚሠራ ፖሊመር 58 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ የኢንዱስትሪ ብስባሽ ማምረቻ ውስጥ ይፈርሳል፤ ጣና ውስጥ ቢወድቅ ግን ዓመታት ሊቆይ ይችላል። «ይበሰብሳል» የሚለው ቃል የት፣ በስንት ሙቀት፣ በስንት ጊዜ የሚለውን ካልያዘ ዋጋ የለውም፤ ያን መርምሮ ማረጋገጥ ደግሞ የደረጃና የምርመራ ተቋማት ሥራ ነው። እናንተ ልታደርጉት የምትችሉት ነገሩን ለሕዝብና ለአስተዳደሩ በቅንነት ማስረዳት ነው፤ ይህ በራሱ ትልቅ አገልግሎት ነው፤ የጣናን ዳርቻ የሚወድ ባለሙያ ሊያደርገው የሚገባም ነው።

አሁን ወደ መሪነቱ። የእርስዎ ዋና ሥራ የሚተካዎትን ሰው ማዘጋጀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 የተመሠረተው የአሜሪካ የኬሚስትሪ ማኅበር ፕሬዚዳንቱን የሚያፈራርቀው በሦስት ዓመት መሰላል ነው፦ አንድ ዓመት ተመራጭ ፕሬዚዳንት፣ አንድ ዓመት ፕሬዚዳንት፣ አንድ ዓመት የቀድሞ ፕሬዚዳንት። የሚመጣው እያየ ይማራል፤ የሚሄደው ሳይርቅ ያግዛል። ለእናንተም ከዚህ የተሻለ መሰላል አላውቅም፤ ዘመኑን እንደ አቅማችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። በአገራችን ይህ ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ፦ ብርቱ የሆኑት ወጣት አባላት ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ ይሄዳሉ፤ ሲሄዱም የማኅበሩ ኢሜይል የይለፍ ቃል፣ የቴሌግራም ቡድኑ ባለቤትነት፣ አንዳንዴም የአባላት ዝርዝሩ አብሯቸው ይሄዳል። ኢሜይሉ በማኅበሩ ስም ይከፈት፤ የቴሌግራም ቡድኑ ቢያንስ ሁለት አስተዳዳሪ ይኑረው፤ ባለቤትነቱም ሰው ሳይሄድ ይተላለፍ። ማኅተሙ በጸሐፊው እጅ፣ የፊርማ ሥልጣኑ በሌላ ሰው እጅ ይሁን። ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ በአንድ መዝገብ ይቀመጥ። ይህን ጥቃቅን ነገር የሚንቅ አመራር ወንበሩን ሲለቅ ባዶ ጠረጴዛ ነው የሚያስረክበው።

ደንባችሁን ስታሻሽሉ ምልአተ ጉባኤውን ተመልከቱት። ከስድሳ ሰው ዐሥር በማይመጣበት ማኅበር «ግማሽ ሲደመር አንድ» የሚል ብቻ ከተጻፈ ደንቡን ለማሻሻል እንኳ ጉባኤ አይሞላም። ለመጀመሪያ ጥሪ ግማሽ ሲደመር አንድ፣ ለሁለተኛ ጥሪ የተገኘው ሰው ይወስናል ማለት የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ማኅበሩን ስለ ማፍረስ ሲሆን ግን ከፍ ያለ ቁጥር ይጠየቅ። ከዚያ በፊት ዝርዝሩን ያጥሩት፦ ለስድሳው ሰው በየስማቸው ይደወል፤ የመዋጮ ጊዜያቸውን አሳልፈው መልስ ያልሰጡት ከድምፅ ሰጪነት ወደ ወዳጅነት መዝገብ ይዛወሩ። ሃያ አምስት ሰው ቢቀር አይደንግጡ።

ስለዚህ አሁን አይልቀቁ። መሀል ላይ ጥለው ቢወጡ የሚረከብ የለም። ነገር ግን ለሚቀጥለው ዘመን እንደማይወዳደሩ ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ሰዎች ቦታው ክፍት መሆኑን ካላመኑ ለወንበሩ አይነሡም። በሦስት ወር ውስጥ ጠቅላላ ጉባኤ ይጥሩ፤ አጀንዳው አራት ብቻ ይሁን፦ የተሻሻለው ደንብ፣ በእናት ማኅበር ሥር ክፍል ስለ መሆን፣ የዓመቱ የስብሰባ ተረኞች፣ የተተኪ ሊቀመንበር ምርጫ። ተተኪው ከፋብሪካ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲውና ፋብሪካው እየተፈራረቁ ይምሩት። እስከዚያው ድረስ ከያዟቸው ሥራዎች ሦስቱን፣ ማለትም ደብዳቤውን፣ አዳራሹንና መዋጮውን፣ በየስማቸው ለሦስት ሰዎች ያስረክቡ፤ መልሰውም አይውሰዱ።

በጉባኤው ላይ ተተኪነቱን የሚቀበል አንድም ሰው ካልተገኘ ይህ ስብስብ ገና ማኅበር አልሆነም ማለት ነው። ያን ጊዜ ሊቀመንበርነቱንም ማኅተሙንም ይተዉት፤ የቀረውን ገንዘብ ደንቡ በሚያዘው መሠረት ያስረክቡ፤ ፈቃደኛ ከሆኑት ከአምስት ስድስት ሰዎች ጋር በሁለት ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ፋብሪካ እየጎበኙ በአንድ ብልሽት ላይ መነጋገሩን ይቀጥሉ። ለዚያ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ የሚመጡትንም ሰዎች እርስዎ ሳይሆኑ የተሰነጠቀው ቧንቧ ይጠራቸዋል።